ጣና ላይ ስድስት ጊዜ የዞረው ትልቁ አውሮፕላን ምንድን ነው?

ጣና ዳር (ቅዳሜ፣ ጠዋት 4:20)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ሰሞኑን ያን ግራጫ አውሮፕላን አይታችሁታል?

ሥራዬ ዓሣ ማከፋፈል ነው። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ቆሜ ጀልባ እጠብቃለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን እንደ ልማዴ ቆሜ ሳለ ከኤርፖርቱ በኩል የሚያጉረመርም ድምፅ ተሰማ። ቀና ስል ትልቅ፣ ሆዱ የተነፋ አውሮፕላን ከመሬት ተነስቶ ወደ ሐይቁ ወጣ። ወደ ግራ ታጠፈ። በኤርፖርቱና በዘጌ መካከል ውሃ ውሃውን ይዞ ተመለሰ። ሄደ ብዬ ዓሣዬን መቁጠር ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ያው ድምፅ፣ ያው አውሮፕላን፣ ያው መንገድ። ስድስት ጊዜ! ጎማውን እንኳ አላስገባም።

አጠገቤ የነበረው ጀልባ ነጂ «ማረፍ አቅቶት ነው፣ ነዳጁን እየጨረሰ ነው» አለ። ሴቶቹ አማተቡ። እናቴም ቤት ሆና ሰምታዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፁን በሰማች ቁጥር የወንድሜን ልጆች ከደጅ ትሰበስባለች። አልፈርድባትም። ኅዳር 2013 ሌሊት ሮኬት ከወደቀ ወዲህ እዚህ ከተማ ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ ሆድ ያባባል።

የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ። ምን ዓይነት ነው? ለምንስ አርፎ አይቀመጥም? ፎቶ የለኝም። አላነሳሁም።

አወያይ (ቅዳሜ፣ ጠዋት 4:41)

እንኳን አላነሳህ። ለሁሉም አንድ ጊዜ ልናገር። ኤርፖርትም ሆነ ወታደራዊ አውሮፕላን ፎቶና ቪዲዮ እዚህ አይለጠፍም። የጭራ ቁጥር አይጻፍም። በስንት ሰዓት መጣ፣ በስንት ሰዓት ሄደ የሚባል ነገርም ይቅር። ስለ ዓይነቱ፣ ስለ አሠራሩ፣ ስለ ታሪኩ የፈለጋችሁትን ተወያዩ።

ባጃጅ 3 እግር (ቅዳሜ፣ ጠዋት 4:50)

እኔም አይቼዋለሁ። ተሳፋሪዬ «አቁምልኝ ልየው» ብሎ ወርዶ ሲያይ ቆይቶ ሒሳቡን ሳይከፍል ሄደ። ስለዚህ አውሮፕላኑ 50 ብር አለበት።

ሞተር ቆጣሪ (ቅዳሜ፣ ጠዋት 5:15)

ጣና ዳር ወንድሜ፣ ፎቶ አያስፈልግም። አራት ነገር ብቻ ንገረኝ።

ሞተሩ ስንት ነው? ፕሮፔለር አለው ወይስ ጄት ነው? ክንፉ ከጀርባው በላይ ነው ወይስ ከሆዱ ሥር? ጭራው ላይ ያለችው አግዳሚ ክንፍ ከታች ከአካሉ ጋር ናት ወይስ ከላይ ጫፉ ላይ እንደ መስቀል እጅ ተቀምጣለች?

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ሰፈሬ ቦሌ መንገድ ላይ ስለሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ሥራ የለኝም፣ ሰማይ ነው የማየው። ሚስቴ «አንገትህ ተጣሞ ይቀራል» ትለኛለች።

ጣና ዳር (ቅዳሜ፣ ቀን 6:02)

ሞተሩ 4። ፕሮፔለር አለው፣ ሲሽከረከር አይቻለሁ። ክንፉ ከጀርባው በላይ ነው፣ አካሉ ከክንፉ የተንጠለጠለ ይመስላል። ጭራው ረጅም ነው፣ አግዳሚዋ ግን ከታች ናት።

ሞተር ቆጣሪ (ቅዳሜ፣ ቀን 6:30)

እንግዲህ ግማሹን ሥራ ጨረስክልኝ።

ሰው ትልቅ ወታደራዊ ጭነት አውሮፕላን ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው ኢሊዩሺን 76ን ነው። እሱ ግን ጄት ነው። አግዳሚዋ ጭራው ጫፍ ላይ ናት፣ ከአፍንጫው ሥር ለናቪጌተሩ፣ ማለትም መንገድ ለሚመራው ሰው፣ የመስታወት መስኮት አለው። ሲያርፍ 20 ጎማ ነው የሚያወጣው። የአሜሪካው ሲ 17ም ጄት ነው፣ ጭራውም እንደዚያው። አንቶኖቭ 124 ደግሞ ቢመጣ ኖሮ አንተ እዚህ አትጠይቅም ነበር፣ ከተማው በሙሉ ይወጣ ነበር። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 73 ሜትር ነው።

የአውሮፓው ኤ 400 ኤምም አለ። አራት ፕሮፔለር አለው። ነገር ግን እያንዳንዱ ፕሮፔለር እንደ ማጭድ የተቆለመሙ 8 ብሌዶች አሉት፣ አግዳሚዋም ላይ ናት። ስለዚህ እሱም ወጣ።

የቀሩት ሁለት ናቸው። ወይ የአሜሪካው ሄርኩለስ ሲ 130፣ ወይ የሶቪየቱ አንቶኖቭ 12። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ሁለቱንም ይዞ ያውቃል። አንቶኖቭ 12 በደርግ ጊዜ የገባ ነው። ሄርኩለስ ደግሞ በኋላ ከአሜሪካ መጣ፤ አንዱን በ2010 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ ነው የተረከቡት።

የሻምበል ልጅ (ቅዳሜ፣ ቀን 7:10)

ምን ሄርኩለስ! አንቶኖቭ ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ስንት ጊዜ በአንቶኖቭ ተጭኖ አሥመራ ተመላልሷል። ወንበር የለውም፣ ከጥይት ሣጥን ጋር ተቀምጠህ ትሄዳለህ ይለን ነበር። ፕሮፔለር አራት፣ ክንፍ ከላይ፣ ሆዱ የተነፋ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

ሞተር ቆጣሪ (ቅዳሜ፣ ቀን 7:25)

ወንድሜ፣ ከሩቅ ሲታዩ መንትያ ናቸው። የሄርኩለስ የመጀመሪያው በረራ 1954 እ.ኤ.አ. ነው፣ አንቶኖቭ 12 በ1957። ሁለቱም ለአንድ ሥራ ስለተሠሩ ነው የተመሳሰሉት። ሥራው አንድ ሲሆን መልኩም ይቀራረባል።

ልዩነታቸው ግን አለ። የአንቶኖቭ ክንፍ ወደ ጫፉ ሲሄድ ትንሽ ወደ ታች ያዘነብላል። አሞራ ክንፉን ዘና እንዳደረገ። የሄርኩለስ ግን እንደ ሳንቃ ቀጥ ያለ ነው። አንቶኖቭ አፍንጫው መስታወት ነው። ከሁሉም የሚቀለው ጎማ ነው። አንቶኖቭ በግራ 4፣ በቀኝ 4፣ ከፊት 2 ጎማ አለው። ሄርኩለስ ግን በግራ 2፣ በቀኝ 2፣ ከፊት 2። በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ሁለቱ እንደ ሞተር ሳይክል ጎማ ፊትና ኋላ ናቸው።

ከሥሩ ሆኖ ያየ ሰው አለ?

የዘጌዋ (ቅዳሜ፣ ማታ 1:05)

እኛ አለን እንጂ። እኛ ቤት ከሐይቁ ትይዩ ነው፣ ቡናው መሐል። እናንተ ከጎን ያያችሁትን እኛ ሆዱን ነው ያየነው።

ታናሽ ወንድሜ 11 ዓመቱ ነው። ቡና ልቀሙ ሲባል የማይሰማ ልጅ፣ አውሮፕላን ሲመጣ ግን ዛፍ ላይ ነው። «ስንት ጎማ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳያስብ «ስድስት» አለኝ። «ከፊት ጥንድ፣ በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት። ተከታትለው ነው ያሉት።» ክንፉስ ስለው እጁን ቀጥ አድርጎ ዘረጋ። ወደ ታች አያዘነብልም ወይ ስለው ተቆጣኝ።

ሞተር ቆጣሪ (ቅዳሜ፣ ማታ 1:20)

ያ ልጅ ይባረክ። ሄርኩለስ ነው። አለቀ።

የሻምበል ልጅ (ቅዳሜ፣ ማታ 1:48)

በ11 ዓመት ልጅ ተረታሁ ማለት ነው። ይሁን። ግን የመጀመሪያው ጥያቄ አልተመለሰም። ለምን አያርፍም?

ሥጋቴ ብዙ (ቅዳሜ፣ ማታ 2:15)

እኔን ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚያስጨንቀኝ። ያ ሁሉ ወፍ ባለበት ሐይቅ ላይ ዝቅ ብሎ መዞር ምን ማለት ነው? ልጅ ሆኜ ቤተሰብ ሲያወራው የሰማሁት አለ። እዚሁ ባሕር ዳር ርግብ የጣለችው አውሮፕላን ነበር። እውነት ነው ወይስ ተረት?

ሞተር ቆጣሪ (ቅዳሜ፣ ማታ 2:40)

እውነት ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የመንገደኞች ቦይንግ 737 ነበር። ከባሕር ዳር ሲነሳ የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ሁለቱም ሞተሮች ርግብ ዋጡ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ሞከሩ፣ አልደረሱም። ጎማ ሳይወጣ በሆዱ ሜዳ ላይ አረፈና እሳት ተነሳ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ነፍሳቸውን ይማር።

ሰው ሁሉ የሐይቁን ትልልቅ ወፎች ነው የሚፈራው። የጣለችው ግን እህል የምትለቅመዋ ተራ ርግብ ናት።

ለምን አያርፍም ለሚለው፣ የአብራሪ ሥልጠና ላይ ይመስለኛል። ስለ ሥልጠናው ግን የማውቀው ትንሽ ነው። አንድ የማውቃቸው ሰው እዚህ ቤት አሉ፣ ቢመጡ ጥሩ ነበር። የድሮ ብሎን፣ ጋሼ፣ የት ነዎት?

የድሮ ብሎን (እሑድ፣ ጠዋት 3:30)

ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። አሁን ነው ያየሁት።

እኔ ቢሾፍቱ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። መካኒክ ነበርኩ። አብራሪ አይደለሁም፣ ግን አብራሪዎች የሚያበላሹትን ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። እጄ እስከ ዛሬ ዘይት ዘይት ይሸታል ትላለች ባለቤቴ።

ጣና ዳር ልጄ፣ አውሮፕላኑ ማረፍ አቅቶት አይደለም። አርፏል። ስድስት ጊዜ አርፏል! አንተ ከሐይቁ ዳር ስለሆንክ ያላየኸው መሬት ሲነካ ነው። ጎማው መንደርደሪያውን ይነካል፣ ትንሽ ይሮጣል፣ ሳይቆም ጉልበት ጨምሮ ይነሳል። አብራሪዎች «ተች ኤንድ ጎ» ይሉታል። እኛ መካኒኮች «ሳም አድርጎ መሄድ» ነበር የምንለው። ተማሪው አንድ ጊዜ አርፎ፣ ቆሞ፣ ዞሮ፣ እንደገና ተንደርድሮ ቢነሳ ጊዜው በመሬት ያልቃል። ለተማሪ የሚጠቅመው ማረፍ ነው። ማረፍን የሚማረው በማረፍ ብቻ ነው። በሚስመው ጊዜ በአንድ ሰዓት አሥር ጊዜ ሊያርፍ ይችላል።

ጎማውን ያላስገባውም ለዚህ ነው። ወዲያው ተመልሶ ሊያርፍ ምን ያስገባዋል? ጎማ በገባና በወጣ ቁጥር ደግሞ ሥራው የማን ነው? የእኛ።

የዞረበት መንገድም ዝም ብሎ አይደለም። ሰርኪዩት ይባላል። ልክ እንደ አራት ማዕዘን ነው። ይነሳል፣ ይታጠፋል፣ ከመንደርደሪያው ጎን ለጎን ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ይታጠፋል፣ ይታጠፋል፣ ያርፋል። የባሕር ዳር መንደርደሪያ 04 እና 22 ነው የሚባለው። 04 ማለት በኮምፓስ ወደ 40 ዲግሪ የሚያይ ማለት ነው፣ ሰሜን ምሥራቅ። 22ቱ ወደ 220፣ ተቃራኒው። በ04 የተነሳ ሰው አፍንጫው ወደ ሐይቁ ነው። ከዚያ ወደ ግራ ሲታጠፍ ከተማውን በቀኝ ትቶ በውሃው ላይ ይዞራል። ዘጌዎች ሆዱን ያዩት ለዚህ ነው። ከተማ ላይ ከመዞር ውሃ ላይ መዞር ይሻላል። ጩኸቱም ይቀንሳል፣ አንድ ነገር ቢሆንም ቤት ላይ አይወድቅም።

«ይቀንሳል» አልኩ እንጂ የእናትህን ነገር አውቃለሁ። ጠዋት ውሃው ላይ ያለው አየር ቀዝቃዛ ነው፣ ከላይ ያለው ሞቅ ይላል። ድምፅ ወደ ላይ ሄዶ መጥፋቱን ትቶ ወደ ታች ይታጠፍና ውሃውን እየታከከ ይመጣል። ጀልባ ላይ የሚያወራ ሰው ከሩቅ እንደሚሰማው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሩቅ ሆኖ ጣሪያ ላይ ያለ ይመስላል።

የድሮ ብሎን (እሑድ፣ ጠዋት 3:52)

ሳልጨርስ ላክሁት። ጣቴ ወፍራም ነው።

ስለ ድምፁ ልንገራችሁ፣ ይህን የምወደው ነገር ነው። የሄርኩለስ ሞተር ቲ 56 ይባላል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ይህ ሞተር ጉልበት ሲጨምር ፍጥነቱ አይጨምርም። በበረራ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው የሚሽከረከረው። ውስጡ በደቂቃ 13,820 ጊዜ፣ ፕሮፔለሩ ጋ ሲደርስ በጥርስ ተቀንሶ 1,020 ጊዜ። አብራሪው ጉልበት ሲፈልግ የሚለወጠው የብሌዱ አቀማመጥ ነው። ብሌዱ አየሩን ጠለቅ አድርጎ ይቆርጣል። እንደ ቀዛፊ ነው። መቅዘፊያውን ቶሎ ቶሎ ሳይሆን ጠልቆ እንደሚቀዝፍ።

አራት ብሌድ በ1,020 ዙር ስታባዙት በሰከንድ 68 ምት ነው። ያ ነው ደረት ውስጥ የሚገባው ጉርምርምታ። ከጄት ጩኸት ጋር አይመሳሰልም። አራቱ ሞተሮች ደግሞ ፍጹም እኩል ካልሆኑ ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዉዉ-ዉዉ-ዉዉ እያለ። እኛ ዓይናችንን ጨፍነን «ሦስተኛው ትንሽ ወደኋላ ቀርቷል» እንል ነበር። ወጣቶቹ አያምኑም ነበር። ሄደን ስናየው ሦስተኛው ነው።

የዘጌዋ (እሑድ፣ ቀን 6:10)

ጋሼ ልጠይቅዎት። ወንድሜ ሌላም ነገር አይቷል። አንድ ጊዜ ሲዞር ከአራቱ አንዱ ሞተር ጭሱ ጠፋ ይላል። የሌሎቹ ጭስ ይታይ ነበር። አውሮፕላኑም ትንሽ ተጣሞ የሄደ መሰለው። እኔ ዋሽተሃል አልኩት።

የድሮ ብሎን (እሑድ፣ ቀን 7:00)

አልዋሸም። ይቅርታ ጠይቂው።

አስተማሪው በቀኝ ወንበር ይቀመጣል። ተማሪው ተመችቶት ሲበር ያይና ሳያስጠነቅቅ የአንዱን ሞተር እጀታ ወደ ኋላ ይስበዋል። «አንደኛው ሞተር ጠፍቷል፣ ቀጥል» ይላል። በእውነት አይጠፋም፣ ጉልበት አልባ ብቻ ይሆናል። በአንድ ጎን ሁለት፣ በሌላው አንድ ሞተር ሲስብ አውሮፕላኑ ወደ ደካማው ጎን ሊዞር ይፈልጋል። ተማሪው በእግሩ የጭራውን መሪ ረግጦ ቀጥ ማድረግ አለበት። እግር ይንቀጠቀጣል። አንድ ተማሪ ሲወርድ ደረጃው ላይ ጉልበቱ ከድቶት ቁጭ ሲል አይቻለሁ፣ ማንነቱን አልናገርም፣ በኋላ ትልቅ ሰው ሆኗል።

የእርዳታ እህል ጭነው ከተራራ መሐል ሲነሱ አንድ ሞተር ቢሞት፣ ያኔ ነው ይህ ሥልጠና የሚፈለገው። ያኔ ለመማር አይመችም።

ቁጠባ (እሑድ፣ ቀን 8:25)

ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን የነዳጁ ነገር አይነሳም? በዚህ ኑሮ ሰማይ ላይ መዞር ምንድን ነው? ቢሾፍቱ የራሳቸው መንደርደሪያ እያላቸው ባሕር ዳር ድረስ መምጣትስ?

ሞተር ቆጣሪ (እሑድ፣ ቀን 8:50)

በሰዓት ከ2 ቶን በላይ ነዳጅ ይበላል፣ አልክድም። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ለምን ከራሳቸው ሜዳ ወጡ ለሚለው ግን መልስ አለ። በራሱ ሰፈር ብቻ መኪና የነዳ ሹፌር መርካቶ ሲገባ ምን ይሆናል? አብራሪም እንደዚያ ነው። በለመደው ሜዳ የትኛው ዛፍ ጋ እንደሚታጠፍ ያውቃል። አዲስ ቦታ ሲመጣ ዛፉ የለም። ቦሌ ደግሞ ወረፋ ነው፣ እዚያ ለመለማመድ ማንም ስድስት ጊዜ አያዞርህም። ስለዚህ ጭነት አውሮፕላን የሚያበሩ ብዙ ጊዜ መንገደኛ የማይበዛባቸውን የክልል ኤርፖርቶች ይመርጣሉ። መንደርደሪያው 3,000 ሜትር ነው፣ ለዚህ አውሮፕላን ይተርፈዋል። በ1963 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች ሄርኩለስን ፎረስታል በምትባል የጦር መርከብ ላይ 21 ጊዜ አሳርፈው አስቁመውታል። ያለ ማስቆሚያ መንጠቆ። መርከቧ ከጫፍ ጫፍ 330 ሜትር አትሞላም።

ባሕር ዳር ግን አንድ ፈተና አለው፣ ከፍታው። ወደ 1,800 ሜትር ነው። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠለል በ16 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ክንፉ ለመሸከም ፈጠን ማለት አለበት። ባሕር ጠለል ላይ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚያርፍ ቢሆን እዚያ 260 ይሆናል። ትንሽ ይመስላል። ፍሬኑ የሚያጠፋው ኃይል ግን ወደ አምስተኛ እጅ ይጨምራል፣ ምክንያቱም ኃይሉ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚሄደው። ሞተሩም በሳሳ አየር ይደክማል። ከሰዓት ሲሞቅ ይብሳል። በደጋ አገር የሚሠራ አብራሪ ይህን በወረቀት ሳይሆን በመቀመጫው ነው ማወቅ ያለበት።

የድሮ ብሎን (እሑድ፣ ቀን 9:05)

ውሃውንም ጨምርበት። ነፋሱ ዞሮ በሐይቁ በኩል ሲገቡ ለጥ ያለ ውሃ ዓይን ያታልላል። ማዕበል ከሌለ፣ ታንኳ ካልታየ፣ ከፍታህ አሥር ይሁን መቶ ሜትር ይምታታብሃል። ቢሾፍቱም ሐይቆች አሏት፣ ግን ጣና ጣና ነው።

ቁጠባ (እሑድ፣ ቀን 9:20)

እሺ። ስለ ውሃው ያሉት ገብቶኛል። ስለ ነዳጁ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ባጃጅ 3 እግር (እሑድ፣ ቀን 9:24)

እኔ ቤንዚን ለመቅዳት ከሌሊት ጀምሬ ስሰለፍ እሱ 2 ቶን... ተውኝ።

አወያይ (እሑድ፣ ቀን 10:02)

አንድ አዲስ አባል ቪዲዮ ለጥፎ ነበር፣ ተነስቷል። ወንድሜ፣ ከላይ የጻፍኩትን አንብብ። ለራስህም ነው።

የሻምበል ልጅ (እሑድ፣ ማታ 1:30)

ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። አባቴ በአንቶኖቭ ተመላልሷል፣ እሱ እሱ ነው። እኔ ራሴ ግን ልጅ ሆኜ ያየሁት ሌላ ነበር። በ1977 ድርቅ ጊዜ ነው። እኛ ደጋ አገር ነበርን። ዝቅ ብሎ መጣ፣ ከበስተኋላው ተከፍቶ ጆንያ ይወርድ ነበር። ጃንጥላ የለው፣ ምን የለው። ጆንያው መሬት ሲመታ አቧራ ይነሳል። እስከ ዛሬ አንቶኖቭ ነው ስል ኖሬአለሁ። እንደ እናንተ ጎማ አልቆጠርኩም፣ ጆንያ ነበር የምቆጥረው።

ሞተር ቆጣሪ (እሑድ፣ ማታ 2:05)

ወንድሜ፣ ያየኸው ሄርኩለስ ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶች ከጥቅምት 1977 እስከ ታኅሣሥ 1978 ዓ.ም. መቀመጫቸውን አዲስ አበባ አድርገው እህል ሲያመላልሱ ነበር። ማረፊያ በሌለበት ደጋ ከአየር ይጥሉት ነበር። እንዳይፈስ እህሉን በጆንያ ላይ ጆንያ ደርበው ነው የሚያሽጉት። ጀርመኖችም ትራንሳል የሚባል አምጥተው ነበር፣ እሱ ግን ሁለት ሞተር ነው። የሶቪየት አንቶኖቭ 12ዎችም እህል ጭነዋል። ስለዚህ የአባትህም የአንተም ሰማይ ላይ ነበሩ።

ሞተሩ ስንት እንደነበር ታስታውሳለህ?

የሻምበል ልጅ (እሑድ፣ ማታ 2:20)

አራት። እሱን እርግጠኛ ነኝ። ክንፉ ቀጥ ያለ ይሁን የተጎበጠ ግን አላየሁም። ርቦኝ ነበር።

የድሮ ብሎን (እሑድ፣ ማታ 2:45)

አንድ ሄርኩለስ 190 ኩንታል ያህል ይጭናል። ዝቅ ብለው የሚጥሉት ጆንያው እንዳይበተን ነው። ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነው። ሰርኪዩት ላይ መቶ ጊዜ ያልዞረ ሰው ያን አይሞክረውም።

ልጄ፣ እግዜር ላንተ ዕድሜ ሰጠህ።

ጅማ ሰማይ (ሰኞ፣ ጠዋት 2:10)

እዚህ ጅማም ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ አይተን «ጠፍቶበት ነው» ብለን ነበር። ያኔ ይህን ክር ብናገኝ ስንቱን ቡና ሳንረበሽ በጠጣን።

ሥጋቴ ብዙ (ሰኞ፣ ጠዋት 2:35)

ጋሼ፣ የወፉ ጉዳይ አልተመለሰልኝም። ይህኛውስ ርግብ ቢገባበት?

የድሮ ብሎን (ሰኞ፣ ጠዋት 3:15)

እውነቱን ልንገርሽ፣ ወፍ የማይፈራ አብራሪ የለም። ግን ሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ፕሮፔለሩ ከፊት ስለሆነ ብዙውን ወፍ መትቶ ይወረውረዋል፣ እንደ ጄት ቀጥታ አይውጠውም። የሚገባበትም አለ፣ እኔ በእጄ ላባ ያወጣሁበት ሞተር አለ። ሁለተኛ፣ አራት ሞተር ነው። አንዱ ቢሞት ሦስት ይቀራል። ያንን ነው እኮ የሚለማመዱት፣ የዘጌው ልጅ ያየውን።

ያለው ይህ ነው። ዋስትና አልሰጥሽም።

የዘጌዋ (ሰኞ፣ ጠዋት 3:40)

ይቅርታ ጠየቅሁት። በአንድ ቀን ቡና ለቀማ እረፍት ነው የታረቀኝ። አሁን ዛፍ ላይ ሆኖ ደብተር ይዟል። አወያይ፣ ጎማ ብቻ ነው የሚጽፈው፣ ሰዓት አይጽፍም።

ጣና ዳር (ረቡዕ፣ ማታ 12:50)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ በተለይ እርስዎን።

የተባለውን ሁሉ ለእናቴ ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። ስለ 68 ምት ብዙም አልገባትም፣ ስለ ተማሪው እግር መንቀጥቀጥ ግን በደንብ ገባት። «የእናት ልጅ» አለች። ዛሬ እንደገና መጣ። ልጆቹን አልሰበሰበችም። ደጅ ላይ ሽሮ እያበጠረች ነበር። ድምፁን ስትሰማ «መጣ ተማሪው» ብላ መቁጠር ጀመረች። እኔ ከሥራ ስመለስ ግን ፊቷ ጥሩ አልነበረም። «ሰባት ጊዜ ዞረ፣ ስምንተኛው ቀረ። ድምፁ ቆመ። ምን ሆኖ ይሆን?» አለችኝ። ምን ልበላት?

የድሮ ብሎን (ረቡዕ፣ ማታ 1:10)

በላት፣ አርፎ ነው። ስምንተኛው ላይ ሳይነሳ ቆሟል፣ ሞተሩን አጥፍቷል። አሁን መካኒኮቹ ሥሩ ገብተው ጎማውን እያዩ ነው።

ጣና ዳር (ረቡዕ፣ ማታ 1:18)

ነገርኳት። «ራቱን በልቷል ወይ?» አለች።